እምቢ ብሎ ያልተቀመጠ ሐኪም

ባለፈው ሳምንት ሦስት ሆነን ሻይ ቤት ተቀምጠን ነበር። አንደኛው በቅርብ ከሕክምና ትምህርት ቤት የወጣ ሐኪም ነው፤ ሁለተኛው በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ የሕግ ጉዳይ ያያል፤ ሦስተኛው ይህን ዓምድ የሚሞላው እኔ ነኝ። ጨዋታው ከደመወዝ ተነሥቶ፤ በቤት ኪራይ በኩል አልፎ፤ ሳናስበው ከሃይማኖትና ከሳይንስ ላይ ደረሰ። ሐኪሙ ጓደኛችን፤ «ሃይማኖት የሳይንስ ፍሬን ነው፤ መኪናው ሊሄድ ሲል ይረግጡታል» አለ። የሕጉ ሰው ደግሞ፤ «አንተስ ፍሬን በሌለው መኪና ከእንጦጦ ትወርዳለህ?» ብሎ መለሰለት። ሁላችንም ሣቅን። ሐኪሙ ግን ሣቁን ቶሎ አቋረጠ።

ያቋረጠበትን ምክንያት እኔ ዐውቀዋለሁ። አባቱ ፓርኪንሰን በሚባለው የመንቀጥቀጥ በሽታ ከተያዙ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ከቤታቸው ስንሄድ ለእኛ ቡና በሲኒ ሲቀርብ ለእርሳቸው የሚቀርበው እስከ ግማሹ ብቻ በተሞላ ትልቅ ኩባያ ነው፤ ሲኒ ሲያነሡ ከማስቀመጫው ጋራ እየተጋጨ ሲንኳኳ እንግዳ እንዲሰማባቸው አይወዱም። ልጃቸው የሚያነበው የሕክምና መጽሔት ደግሞ፤ ከስቴም ሴል የተሠሩ አዲስ የአንጎል ሴሎች እንዲህ ላለው ሕመምተኛ መተከል እንደ ጀመሩ ይነግረዋል። እንግዲህ በዚህ መካከል አንድ ሃይማኖተኛ ሐኪም ተነሥቶ «ይህ ነገር አስቀድሞ በኅሊና ይመርመር» ቢል፤ ጓደኛዬ ፍሬን ብሎ ቢሰይመው ማን ይፈርድበታል?

እኔም ክርክሩን ይዤ ወደ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ስለ አንድ እንዲህ ያለ ሐኪም ላጫውታችሁ አሰብሁ። ሰውየው ዶክተር ዊሊያም ሀርልበት ይባላሉ። አሜሪካዊ ናቸው። በካሊፎርኒያ ከሚገኘው ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ዲግሪያቸውን ከተቀበሉ በኋላ በዚያ ሳይወሰኑ፤ በዚያው በስታንፎርድና በፓሪስ የካቶሊክ ተቋም ሥነ መለኮትንና የሕክምና ሥነ ምግባርን አጠኑ፤ ቀጥሎም በስታንፎርድ አስተማሪ ሆኑ። ክርስቲያን መሆናቸውን አይደብቁም፤ በፅንስ ጉዳይ ያላቸውም አቋም ወግ አጥባቂ የሚባለው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ፤ ካልተለየ በቀር፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ እንግዳ ለሚሆንበት አንባቢ አስቀድሜ ማስረዳት አለብኝ። የሰው ገላ ከብዙ ዓይነት ሴል የተሠራ ነው፤ የልብ ሴል ዓይንን አይሠራም፤ የቆዳ ሴልም ቆዳ ሆኖ ይሞታል። ስቴም ሴል የሚባለው ግን ገና ሥራ ያልተመደበለት ሴል ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ምደባውን የሚጠባበቅ ተመራቂ ማለት ነው፤ ወደ ጤና ጥበቃም ወደ እርሻም ሊላክ ይችላል። ለሁሉም ዓይነት ሥራ ሊላክ የሚችለው ሴል የሚገኘው በፅንስ መጀመሪያ ላይ ነው። የሴት ዕንቁላልና የወንድ ዘር ከተገናኙ ከአምስት ቀን ያህል በኋላ፤ ፅንሱ ከአንድ መቶ እስከ ሁለት መቶ የሚደርሱ ሴሎች ያሉት፤ ከነጥብ የማይበልጥ፤ ውስጡ ክፍት የሆነ ኳስ ይመስላል። የውጭው ሽፋን ወደ እንግዴ ልጅ ያድጋል፤ በውስጥ በኩል ተጠጋግተው የሚገኙት ጥቂት ሴሎች ግን መላውን ሰውነት የሚሠሩ ናቸው። በ1998 በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ጄምስ ቶምሰን የተባሉ ተመራማሪ እነዚህን የውስጥ ሴሎች አውጥተው በሳሕን ላይ ሳይሞቱ እንዲባዙ አደረጉ። ፅንሶቹ ልጅ የቸገራቸው ባልና ሚስት በክሊኒክ ካሠሯቸው መካከል ተርፈው ለምርምር የተሰጡ ነበሩ። ሴሎቹ ሲወጡ ፅንሱ ይፈርሳል። ጠቡ ሁሉ ያለው በዚህች በመጨረሻዋ አጭር ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው።

ጠቡም ሳይውል ሳያድር ወደ መንግሥት ደረሰ። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ኦገስት 9 ቀን 2001 ለሕዝባቸው ባደረጉት ንግግር፤ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ እስከዚያ ቀን ድረስ ተለይተው በተገኙት የሴል ዘሮች ላይ ብቻ እንዲውል፤ ከዚያ ወዲያ ፅንስ ለሚፈርስበት ሥራ ግን እንዳይሰጥ ወሰኑ። በዚያው ዓመት ስለ ባዮኤቲክስ፤ ማለት በሕይወትና በሕክምና ጥበብ ረገድ ሊደረግ ስለሚገባውና ስለማይገባው ነገር የሚመክር ምክር ቤት አቋቋሙ። ዶክተር ሀርልበት ከ2002 እስከ 2009 ከአባሎቹ አንዱ ነበሩ። በጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡት ሁሉ አማኞች አልነበሩም፤ ፈላስፎች፤ የሕግ ሊቃውንት፤ የላቦራቶሪ ሰዎች ነበሩ። እኔን ከሰውየው ሥራ በመጀመሪያ የሳበኝ በዚህ ጠረጴዛ ላይ የተናገሩበት መንገድ ነው። ጥቅስ እየጠቀሱ «መጽሐፍ እንዲህ ይላልና ዝም በሉ» አላሉም፤ ከሥነ ሕይወት ተነሥተው፤ የማያምነውም ሰው ሊመዝነውና ሊያፈርሰው በሚችል ክርክር ቀረቡ።

ክርክራቸው ባጭሩ ይህ ነው። ፅንስ የሴሎች ክምር አይደለም፤ ከመጀመሪያዋ አንዲት ሴል ጀምሮ ራሱን በራሱ የሚያደራጅ፤ ወዴት እንደሚሄድ በውስጡ የተጻፈበት አንድ ሕያው ሙሉ ነገር ነው። ሴሎቹ አንዱ ለሌላው እየሠሩ አንድ አቅጣጫ ይይዛሉ። ዛሬ ይህን ጽሑፍ የሚያነበው ሰው በሕይወቱ መስመር ወደ ኋላ ቢሄድ፤ «እስከዚህ እኔ አልነበርሁም፤ ከዚህ ወዲህ ግን እኔ ነኝ» ብሎ ሊያቆም የሚችልበት ነጥብ ያ መጀመሪያው ብቻ ነው። ስለዚህ ለሌላው ሰው መድኃኒት ተብሎ እንኳ ሊፈርስ አይገባውም ይላሉ።

ለዚህ መልስ አልታጣም። በእንግሊዝ አገር በ1984 በሜሪ ዋርኖክ የሚመራው ኮሚቴ በፅንስ ላይ የሚደረግ ምርምር ከ14 ቀን እንዳያልፍ ሲመክር፤ ከምክንያቶቹ አንዱ እስከዚያ ቀን ድረስ አንዱ ፅንስ ተከፍሎ መንታ ሊሆን ይችላል የሚል ነበር፤ ሁለት ሊሆን የሚችል ነገር ገና አንድ ሰው ሊባል አይችልም ማለት ነው። ሀርልበት ግን መንታነት የፅንሱን አንድነት አያፈርስም አሉ፤ አንዱ ሥርዓት ሲታወክ ክፍሎቹ ዳግመኛ ራሳቸውን አቃንተው ሙሉ መሆናቸው፤ ሙሉነት ምን ያህል እንደ በረታባቸው የሚያሳይ ነው ብለው ተከራከሩ። ይህ መልስ ብልኅ ነው፤ እኔን ግን ሙሉ በሙሉ አላጠገበኝም።

ከዚያ የሚከብደው ክርክር በምክር ቤቱ ውስጥ ከጎናቸው ተቀምጠው ከነበሩት ከሐርቫርዱ ፈላስፋ ከማይክል ሳንደል የመጣው ነው። ሳንደል፤ የወደቀች የዛፍ ፍሬና የተገነደሰ ዋርካ አንድ አይደሉም፤ ፍሬዋ ዛፍ ልትሆን ብትችልም ስትጠፋ እንደ ዛፉ አናዝንላትም አሉ። አንድ ክሊኒክ በእሳት ቢያያዝና አንዲት የአምስት ዓመት ልጅን ወይም ሃያ ፅንስ የያዘ ሳሕንን ብቻ ማዳን ቢቻል፤ ማን ሳሕኑን ይዞ ይወጣል? ሲሉም ጠየቁ።

እኔ ልጅቱን ይዤ እንደምወጣ እምላለሁ። አንባቢዬም እንዲሁ እንደሚያደርግ አልጠራጠርም። ነገር ግን በእሳት ጊዜ ማንን እንደማስቀድምና በሰላም ጊዜ ማንን ላጠፋ እንደሚፈቀድልኝ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ከእሳቱ የራሴን እናት አስቀድሜ ባወጣ፤ የጎረቤቴ እናት ለመድኃኒት ትሁን ማለቴ አይደለም። ሐዘናችንም ቢሆን የታመነ ሚዛን አይደለም። ሰው እንደ ከብት ሲሸጥ እያየ ያላዘነ ትውልድ በሌላው ዓለም ብቻ ሳይሆን በእኛም አገር ነበር። ይህን ስል የአንድ መቶ ሴል ኳስ ከባሪያ ጋራ እኩል ነው ማለቴ አይደለም፤ «አላሳዘነኝም» የሚለው ቃል ብቻውን ክርክር አይሆንም ማለቴ ነው።

እስከዚህ ድረስ ዶክተር ሀርልበት ከሌሎች እምቢ ባዮች አይለዩም። የሚለዩት ቀጥሎ ባደረጉት ነው። እምቢታ ቀላል ነው፤ ቢሮ የገባ ሁሉ ያውቀዋል፤ «አይቻልም» የሚል ማህተም መትቶ ባለ ጉዳዩን መሸኘት ብዙ አያደክምም። እኒህ ሰው ግን ሕመምተኛውን በራፍ ላይ ትተው መሄድ ስለ ከበዳቸው፤ «ፅንስ ሳይፈርስ ያንኑ ሴል የምናገኝበት መንገድ ይፈለግ» ብለው ራሳቸው አንድ ሐሳብ አመጡ። ሐሳቡ እንዲህ ነበር። የሴት ዕንቁላል እንብርቱ ወጥቶለት የሌላ የገላ ሴል እንብርት ቢገባበት፤ እንደ ፅንስ መከፋፈል ይጀምራል፤ ዶሊ የተባለችውም በግ የተገኘችው በዚህ ዘዴ ነው። እንግዲህ እንብርቱ ከመግባቱ በፊት እንግዴ ልጅን ለመሥራት የሚያስፈልገው ሲዲኤክስ ቱ የሚባለው ጂን ዝም ቢሰኝ፤ የሚገኘው ነገር ከመጀመሪያው ሙሉ ፅንስ ሊሆን የማይችል የሴሎች ስብስብ ይሆናል፤ ስቴም ሴል ግን ይሰጣል። ሊወለድ የሚችል ነገር ስላልተፈጠረ የሚገደል ነገር የለም ማለታቸው ነው።

ከሁለቱም ወገን ድንጋይ ወረደባቸው። ከሳይንስ ወገን ዳግላስ ሜልተን፤ ጆርጅ ዴሊና ባልደረባቸው በ2004 መጨረሻ በታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ፤ ይህ ነገር አንድ ጂን የጎደለው ፅንስ እንጂ ሌላ አይደለም፤ ችግሩን በስም መለወጥ አይፈታም ሲሉ ጻፉ። ከሃይማኖት ወገን ደግሞ፤ አካለ ስንኩል ፅንስ ሆን ብሎ ሠርቶ «ፅንስ አይደለም» ማለት ከማፍረስ በምን ይሻላል ያሉ ነበሩ፤ ቫቲካንም በ2008 ባወጣው ሰነድ ይህ ዘዴ ጥርጣሬው ሳይጠራ እንዳይሠራበት አሳሰበ። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱም ወገኖች ከእውነት ብዙ አልራቁም።

ስለ ሜልተን ግን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይከብደኛል። ሰውየው ያን ጊዜ የሐርቫርድ ተመራማሪ ነበሩ፤ ሁለቱ ልጆቻቸው በስኳር በሽታ የተያዙባቸው አባት ናቸው። የመጀመሪያው ገና ሕፃን ሳለ ሲታመም የእንቁራሪት ፅንስ ማጥናታቸውን ትተው ወደዚህ በሽታ ዞሩ፤ የመንግሥት ገንዘብ ሲከለከል በግል ገንዘብ 17 አዲስ የፅንስ ሴል ዘሮች አዘጋጅተው በ2004 ለሌሎች ተመራማሪዎች አደሉ። ስለዚህ ክርክሩ በኅሊና ሰውና በኅሊና ቢስ መካከል አልነበረም። የአንዱ ኅሊና በሳሕኑ ላይ ያለውን ያያል፤ የሌላው ኅሊና በአልጋው ላይ ያለውን ያያል።

በ2005 የቦስተኑ ሩዶልፍ ዬኒሽ ከባልደረባቸው ጋራ ሆነው የሀርልበትን ሐሳብ በአይጥ ሴል ሞከሩት፤ እውነትም ስቴም ሴል ተገኘ፤ ስብስቡም በማኅፀን ሊጣበቅ አልቻለም። በዚያው ዓመት ምክር ቤቱ አራት ልዩ ልዩ መንገዶችን መዝኖ አንድ መጽሐፍ አወጣ። ሦስተኛው የሀርልበት ነበር። አራተኛው፤ ያደገ የገላ ሴል ወደ ልጅነቱ እንዲመለስ ማድረግ የሚል ሲሆን፤ ከሁሉም የራቀ ሕልም ይመስል ነበር።

ከአንድ ዓመት በኋላ የመጣው ያ ሕልም ነው። በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ሺንያ ያማናካ በ2006 ከአይጥ፤ በ2007 ደግሞ ከሰው የቆዳ ሴል ወስደው አራት ጂን ብቻ በመጨመር ወደ ስቴም ሴል መለሱት። ያማናካ መጀመሪያ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ተማሪ ነበሩ፤ እጃቸው ስለሚዘገይ ጓደኞቻቸው በስማቸው እየቀለዱ «እንቅፋት» ይሏቸው ነበር ይባላል፤ እንቅፋቱ በ2012 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። ለጋዜጠኛ እንደ ተናገሩት፤ አንድ ቀን በወዳጃቸው ክሊኒክ በማይክሮስኮፕ ፅንስ አይተው፤ በእርሱና በሴት ልጆቻቸው መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት መሆኑ ተሰማቸው፤ ሌላ መንገድም መኖር አለበት ብለው አሰቡ። የሰውን ቆዳ በዚህ ዓይነት መመለሱን ከያማናካ ጋራ በአንድ ቀን ያስታወቀው ሌላው ቡድን የማን እንደ ነበር ልንገራችሁ? ክርክሩን በ1998 የቀሰቀሱት የቶምሰን ነበር።

እዚህ ላይ ወግ አጥባቂው ወገን «ይኸው፤ አላልናችሁም?» ብሎ ሊፎክር ይችላል፤ ብዙዎችም ፎክረዋል። እኔ ግን ፉከራውን አልቀበልም። ያማናካ የትኞቹን ጂኖች መፈለግ እንዳለባቸው ያወቁት የፅንስ ስቴም ሴል አስቀድሞ ስለ ተጠና ነው። የፅንሱም መንገድ ፍሬ አላፈራም ማለት ውሸት ነው። በኤፕሪል 2025 በአንድ መጽሔት በአንድ ቀን ሁለት የፓርኪንሰን ጥናቶች ወጡ። አንደኛው በአሜሪካና በካናዳ ለ12 ሕመምተኞች ከፅንስ ስቴም ሴል የተሠሩ የአንጎል ሴሎችን የተከለ ነው፤ ሁለተኛው በኪዮቶ ለ7 ሕመምተኞች ከያማናካው ዓይነት ሴል የተሠሩትን የተከለ ነው። በሁለቱም ዕጢ አልታየም፤ በሁለቱም መንቀጥቀጡና መገተሩ ቀለል ያለላቸው ሰዎች ነበሩ፤ በኪዮቶው ውጤቱ ከተመዘነላቸው ስድስት ሰዎች አራቱ ያለ መድኃኒት ሲፈተኑ ተሻሽለው ተገኝተዋል። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ «ተፈወሱ» ማለት አይቻልም። በዚያው ዓመት በጁን ደግሞ፤ የሜልተን የረጅም ዘመን ድካም መሠረት በሆነለት ሕክምና፤ ሙሉውን መጠን ከወሰዱት 12 የስኳር ሕመምተኞች 10ሩ ከአንድ ዓመት በኋላ ኢንሱሊን መወጋት እንዳላስፈለጋቸው ተገለጠ፤ ሰውነታቸው አዲሱን ሴል እንዳይጠላ የሚያደርግ መድኃኒት ግን ይወስዳሉ።

ስለዚህ «የፅንሱ መንገድ አይሠራም» ብሎ የተከራከረ ሃይማኖተኛ ሁሉ ተረትቷል። ሀርልበት ያልተረቱት ክርክራቸውን በዚህ ላይ ስላልመሠረቱ ነው፤ እርሳቸው ያሉት ቢሠራም እንኳ ዋጋው ይጠየቅ ነው። እንዲህ ያለ አቋም ከባድ ነው፤ መድኃኒቱ ሲገኝ አብሮ አይጠፋምና፤ ለያዘውም ሰው አይቀለውም።

ሰውየው ስሕተት አይነካቸውም ብዬ ላወድሳቸው አልፈልግም። በኖቬምበር 2018 ሄ ጂያንኩይ የተባለ ቻይናዊ ጂናቸው የተነካካ መንታ ልጆች መወለዳቸውን ሲያስታውቅ፤ ሀርልበት ከዚህ ሰው ጋራ አስቀድመው ብዙ ሰዓት እንደ ተነጋገሩ፤ ሥራውንም እንዳልደገፉ ለጋዜጦች ተናገሩ። ዓለም፤ «ታዲያ ለምን ቀድመው አልጮኹም?» ብሎ ጠየቀ። ከማይስማሙበት ሰው ጋራ በትዕግሥት መነጋገር መልካም ልማድ ነው፤ መነጋገር ብቻውን ግን እጅን አይዝም።

የሕጉ ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ፤ «ይህ የአሜሪካኖች ጠብ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» አለኝ። አገባን። በአሜሪካ በ2003 የታተመ አንድ ቆጠራ በክሊኒኮች ማቀዝቀዣ ውስጥ ወደ 400,000 የሚጠጋ ፅንስ እንደሚገኝ አስታውቆ ነበር። ባለቤቶቹ ወልደው የጨረሱ፤ የተፋቱ፤ ወይም አድራሻ የለወጡ ብዙዎች ናቸው። ሀርልበት ፅንሱ አይፍረስ ይላሉ፤ ነገር ግን ማንም የማይጠይቀውን፤ በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠውን ምን እናድርገው ለሚለው፤ ከእርሳቸውም ወገን ሆነ ከተቃዋሚዎቻቸው አጥጋቢ መልስ አላነበብሁም። በእኛ አገር በ2019 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ልጅ ለቸገራቸው ዕንቁላልና ዘርን ከማኅፀን ውጭ የሚያገናኝ የሕክምና ማዕከል ተከፍቷል። ይህ ለብዙ ቤት ደስታ ያመጣ ነገር ነው። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ሕክምና ባለበት የተረፈ ፅንስ ይኖራል፤ የተረፈ ፅንስም ባለበት «ይህ የማን ነው? እስከ መቼ ይቀመጥ? ባልና ሚስቱ ባይስማሙስ?» የሚል ደብዳቤ አንድ ቀን ከአንድ ወጣት ሹም ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል።

ያ ሹም መጀመሪያ የሚገልጠው የ1952 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ይሆናል። አንደኛው ቁጥር ሰው ከተወለደበት ቀን አንሥቶ እስኪሞት ድረስ የመብት ባለቤት ነው ይላል። ሁለተኛው ቁጥር ደግሞ የተፀነሰ ልጅ፤ ጥቅሙ ሲጠይቅና በሕይወት ለመኖር ችሎ የተወለደ እንደ ሆነ፤ ከመወለዱ በፊት እንደ ተወለደ ይቆጠራል ይላል። የሕጉ ጓደኛዬ ሁለቱን ቁጥሮች በቃሉ አለልኝ፤ ከዚያም ዝም ብሎ ቆየና፤ «ሲጻፍ የታሰበው ለውርስ ነው፤ ስለ ማቀዝቀዣ ማን አሰበ?» አለ።

ሐኪሙ ጓደኛዬ በበኩሉ በኤፕሪል 2025 የወጡትን የሁለቱን ጥናቶች ወሬ ለአባቱ ነግሯቸው ነበር። እርሳቸውም በመጀመሪያ የጠየቁት ወደ አገራችን መጥቶ እንደ ሆነ ነው፤ አልመጣም አላቸው። ቀጥለው፤ «ሴሉን ከምን ነው የሚያወጡት?» አሉት። አንደኛው ከፅንስ፤ ሁለተኛው ከገላ ሴል መሆኑን ሳይሸሽግ አስረዳቸው። ሽማግሌው ኩባያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ጥቂት ዝም አሉና፤ «የጃፓኖቹ ይዘገያል ወይ?» ብለው ጠየቁ።

ልጃቸው እስካሁን አልመለሰላቸውም።